ባለ 21 አኃዙ ቁጥርና የእኔ እሁዶች

የመጀመሪያው እሁድ

ነገሩ የጀመረው በስልኬ ካልኩሌተር ነው። 67 ሁለቶችን አባዝቼ ከውጤቱ ላይ 1 መቀነስ ፈለግኩ። ካልኩሌተሩ 1.4757 ምናምን ብሎ ጫፉ ላይ ትንሽ 20 ለጠፈልኝ። 1 ብቀንስም ባልቀንስም መልሱ ያው ነው።

ላፕቶፑን ከፍቼ ኤክሴል ላይ ሞከርኩ። 147,573,952,589,676,000,000 አለኝ። የሁለቶች ብዜት በዜሮ እንደማያልቅ ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቃል። 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል እንጂ ዜሮ ጋ አይደርስም። ጥፋቱ የኤክሴል አይደለም፤ የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው። ሥራዬ የሰው ደመወዝ ማስላት ነው፤ 15 አኃዝ ያለው ደመወዝ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልኩ እጥፍ እጥፉን ወረድኩ። 64ኛው መስመር ላይ 18,446,744,073,709,551,616 መጣ። በቼዝ ሰሌዳው ላይ ቤት በቤት እጥፍ እየሆነ የሚሄድ ስንዴ በተጠየቀበት ታሪክ ንጉሡን ያዋረደው ቁጥር ጎረቤት ነው። ሦስቴ እጥፍ አድርጌ 1 ቀነስኩ።

147,573,952,589,676,412,927።

ለምን 67? ማሪን መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) አንድ ዝርዝር አወጣ። 2ን ይህን ያህል ጊዜ አባዝታችሁ 1 ብትቀንሱ የምታገኙት ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ፕራይም ነው አለ። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ማለት ነው። ዝርዝሩ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127፣ 257 ይላል። 67 እና 257 ስህተት ናቸው። 61፣ 89 እና 107 ደግሞ መግባት ሲገባቸው ቀርተዋል። በዚያ ዘመን በእጅ ለሠራ ሰው መጥፎ ውጤት አይደለም።

በ1876 ኤድዋር ሉካስ የ67ኛው ቁጥር ፕራይም እንዳልሆነ አሳየ። ግን የሚያካፍሉትን ቁጥሮች አላገኘም። «ይህ ዕቃ የተገጣጠመ ነው፤ ከምን ከምን እንደተገጣጠመ ግን አላውቅም» እንደማለት ነው። ቁርጥራጮቹን ያመጣው ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በጥቅምት 1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ። አንድም ቃል ሳይናገር በሰሌዳው በአንድ በኩል 67 ሁለቶችን አባዝቶ 1 ቀነሰ፣ በሌላው በኩል ሁለት ቁጥሮችን አባዛ፣ መልሶቹ ሲገጥሙ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ ይባላል። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲሉትም «የሦስት ዓመት እሁዶች» አለ ይባላል። ወሬው ሲተላለፍ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም። ሒሳቡ ግን አይዋሽም።

እኔም እሁዶች አሉኝ። ሦስት ዓመት ግን የለኝም።

ሁለተኛው እሁድ

ዛሬ ኮል ሰሌዳው ላይ የሠራውን በደብተር ልድገም አልኩ። 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287።

ከላይ ሲያዩት ያስፈራል። ትንሽ ሲያፈጡበት ግን የመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ 7 ሦስት ጊዜ፣ 1 ሁለት ጊዜ፣ 0 አንድ ጊዜ አለ። ስለዚህ ረጅሙን ቁጥር በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ9 ብቻ ነው የማባዛው፤ ሌላው መገልበጥ ነው። በ7 ሲባዛ 5,332,867,801,009። እሱን ሦስት ቦታ ገለበጥኩ። ስምንት መስመር ደመርኩ።

147,573,953,489,676,412,927።

ባለፈው ሳምንት ካገኘሁት ጋር አነጻጸርኩ። መጀመሪያው ይገጥማል፣ መጨረሻው ይገጥማል፣ መሀሉ ላይ 952,589 የነበረው 953,489 ሆኗል። ሁለቱም የእኔ የእጅ ሥራ ናቸው። የትኛው ነው የተሳሳተው?

ደመወዝ ሠሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ 9 ማጣሪያ ነው። የቁጥሩን አኃዞች ትደምራለህ፣ ድምሩን ደግሞ ትደምራለህ፣ አንድ አኃዝ እስኪቀር። የመጀመሪያው አባዢ 37፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። የሁለተኛው 64፣ 10፣ 1። 1 በ1 ሲባዛ 1። ስለዚህ የብዜቱም 1 መምጣት አለበት። የዛሬው ውጤት 109፣ 10፣ 1። ያለፈው ሳምንቱም 109፣ 10፣ 1። ሁለቱም አለፉ! ማጣሪያው ሁለቱንም «ልክ ናችሁ» አላቸው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት።

«ጋሼ፣ በ11 ሞክረው እንጂ። ከቀኝ ጀምረህ አንዱን ደምር፣ ቀጣዩን ቀንስ።»

ሞከርነው። የአባዢዎቹ ቀሪ 9 እና 8 ሆነ። ሲባዙ 72፤ ከ72 ላይ 66 ሲነሳ 6 ይቀራል። ያለፈው ሳምንቱ ቁጥር 17 ሰጠ፣ 11 ሲነሳለት 6። ልክ። የዛሬው 19 ሰጠ፣ 11 ሲነሳለት 8። ተያዘ።

ሌባው የ7 ሦስተኛ ግልባጭ ላይ ተገኘ። 867 የሚለውን 876 ብዬ ጽፌዋለሁ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ9 ብዜት ስለሆነ 9 ማጣሪያ አያየውም። 11 ያየዋል። ስንት ዓመት በ9 ብቻ ስተማመን እንደኖርኩ ሳስበው ሆዴ ቦጭ አለ። ሰኞ ቢሮ ስገባ የምፈትሸው ነገር አለ።

ተስተካክሎ ተደመረ። ገጠመ። ማንም አላጨበጨበም፤ ቡናው ግን ደርሶ ነበር።

ረቡዕ ማታ

ማባዛቱ የቀላሉ ሥራ ነው። 193,707,721 ከየት ይመጣል? እሱ ነው ጥያቄው። መልሱን እንደማላውቅ ሆኜ ልፈልግ።

አንዱ መንገድ በ3፣ በ5፣ በ7 እያሉ ማካፈል ነው። እስከ ካሬ ሥሩ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ ደግሞ 12 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ደግነቱ ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም፤ አካፋዮቹ ሁለት ሕግ ማክበር አለባቸው። አንደኛ፣ 1 ሲቀነስላቸው ለ134 (የ67 እጥፍ) መካፈል አለባቸው። ሁለተኛ፣ በ8 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 7 መሆን አለበት።

ይህ ወንፊት እንዴት እንደሚያጠራ እዩ። 135 በ8 ሲካፈል ቀሪው 7 ነው፣ ግን በ5 ይካፈላል፤ ወደቀ። 269 ቀሪው 5፤ ወደቀ። 403 ቀሪው 3፤ ወደቀ። 537 የ3 ብዜት፣ 671 የ11፣ 1,073 የ29፣ 1,207 የ17። ለመሞከር የሚበቃው የመጀመሪያው እጩ 1,609 ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳይነካ ተጠረገ።

1,609ን ስሞክር ደግሞ ያንን ባለ 21 አኃዝ ጭራቅ ማካፈል አያስፈልገኝም። 2ን እያባዛሁ በየመሀሉ ከ1,609 የተረፈውን ብቻ እይዛለሁ። 11 ሁለቶች 2,048 ናቸው፤ ቀሪው 439። 22 ሁለቶች፣ 1,250። 33 ሁለቶች፣ 81። 66 ሁለቶች፣ 125። 67 ሁለቶች፣ 250። 1,609 አካፋይ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው 1 ይሆን ነበር። አይደለም።

አንድ እጩ በእጅ 10 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። የ3፣ የ5 እና የ7 ብዜቶች ከወጡ በኋላ እስከ 193,707,721 ድረስ 330,000 ያህል እጩዎች ይቀራሉ። በየእሁዱ 8 ሰዓት ብሠራ ወደ 130 ዓመት ነው። ኮልም በዚህ መንገድ አልሄደም። የቁጥሩን ሌሎች ጠባዮች ተጠቅሞ ብዙ እጩዎችን በአንዴ የሚያስወግድ ጠበቅ ያለ ወንፊት ነበር የሠራው። የሰውየው ጀግንነት ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ወንፊቱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሦስተኛው እሁድ

ዛሬ መልሱን ይዤ በእጄ ላረጋግጥ ተቀመጥኩ። የፕሮጀክቱ ምርጥ ቀን ይህ ነበር፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። የግብጽም፣ የሩሲያ ገበሬዎችም እየተባለ ይጠራል። አንዱን ቁጥር እያጋመስክ ሌላውን እጥፍ ታደርጋለህ። ጎዶሎ ቁጥር የደረሰበትን መስመር ትይዛለህ። ማጋመስና መደመር ብቻ ነው፤ የማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ የለም። 67ን በዚያው አጋመስኩ፦ 67፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። አሁን ከታች ወደ ላይ ልውጣ። አንድ ደረጃ ስወጣ የያዝኩትን በራሱ አባዛለሁ። ጎዶሎ ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ ተጨማሪ በ2 አባዛለሁ። ከ193,707,721 በላይ ሲሆን ቀሪውን ብቻ እይዛለሁ።

16 ሁለቶች፦ 65,536። እስከዚህ ለቅሶ የለም።

32 ሁለቶች፦ 4,294,967,296። በ193,707,721 ሲካፈል 22 ጊዜ ይገባል፣ ቀሪው 33,397,434።

33 ሁለቶች፦ እጥፉ፣ 66,794,868።

66 ሁለቶች፦ 66,794,868ን በራሱ ማባዛት። 4,461,554,391,137,424። ይህችን ሦስት ጊዜ ሠራኋት፤ በ9ም በ11ም አጣራኋት። ተምሬያለሁ። ከዚያ ማካፈል። ቀሪው 96,853,861።

የቀረው እጥፍ ማድረግ ብቻ ነው። 96,853,861 እና 96,853,861፣ 193,707,722።

ከአካፋያችን በአንድ ብቻ ይበልጣል። ቀሪው 1።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከ21 አኃዙ አንዱንም ሳልነካ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ሥራ፣ 193,707,721 ያንን ቁጥር ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው በእጄ አረጋገጥኩ። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ መሙላት አያስፈልግም ነበር። ኮልም ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ግን ለታዳሚ የሚያምረው ማባዛቱ ነው።

ሐሙስ

ፓይተን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ። አሥር መስመር ኮድ። የእጩዎቹን ሰልፍ በሁለቱ ሕጎች እያጠራ አንድ በአንድ ይሞክራል። አስጀምሬ ሻይ ልቀዳ ስነሳ መልሱ ስክሪኑ ላይ ነበር። ደስታውም እንዲሁ አጭር ነበር።

ቅዳሜ

ሌላ ዘዴ ልሞክር አልኩ። ጆን ፖላርድ በ1974 ያወጣው ነው። አንድ ቁጥር ትመርጣለህ፣ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5 እያልክ ፓወሩን እያሳደግክ ትሄዳለህ፣ ሁሉንም ከትልቁ ቁጥር በተረፈው ቀሪ ላይ። መጨረሻ ላይ 1 ትቀንስና ከትልቁ ቁጥር ጋር ትልቁን የጋራ አካፋይ ትፈልጋለህ። ከአካፋዩ ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር በትናንሽ ቁጥሮች ብቻ የተሠራ ከሆነ ብቅ ይላል።

መነሻዬን 2 አድርጌ እስከ 10,000 አስኬድኩ። የወጣው ራሱ 147,573,952,589,676,412,927። የሰጠሁትን መለሰልኝ!

ኮዱን አንድ ሰዓት ያህል ፈተሽኩ። ኮዱ ጤነኛ ነው። ጤና የጎደለው የእኔ ምርጫ ነው። የዚህ ቁጥር ትርጉሙ እኮ 67 ሁለቶች ሲባዙ ቀሪው 1 ነው ማለት ነው። 2 ይዤ ስነሳ ገና 67 ላይ ስደርስ ነገሩ ሁሉ 1 ይሆናል፣ ሁለቱም አካፋዮች አብረው ይያዛሉ፣ የሚለያቸው የለም።

መነሻውን ወደ 3 ቀየርኩ። እንደገና ራሱ ቁጥሩ። አሁንስ?

አካፋዮቹን ስገልጣቸው ገባኝ። ከመጀመሪያው ላይ 1 ሲቀነስ 193,707,720 ነው። የተሠራው ከሦስት 2፣ ከሦስት 3፣ ከአንድ 5፣ ከ67 እና ከ2,677 ነው። ከሁለተኛው ላይ 1 ሲቀነስ ደግሞ ከ2፣ ከሁለት 3፣ ከ29፣ ከ67፣ ከ2,551 እና ከ8,539። የትልቁ ትልቅ ቁራጭ 8,539 ነው፤ እኔ ደግሞ እስከ 10,000 ሄጃለሁ። ሁለቱንም አልፌያቸው ሄድኩ። አብዝቼ ስለሠራሁ ነው ያጣሁት።

ገደቡን 3,000 አደረግኩ። 193,707,721 ብቻውን ወጣ። ከ2,677 ማለፍ እንኳ አያስፈልግም። የኮልን ቁጥር ለመስበር ሦስት ሺህ ያልሞሉ እርምጃዎች። ይህ ግን ዕድል ነው። ያ 2,677 እና ያ 8,539 በምትኩ ቢሊዮን የሚደርሱ ፕራይሞች ቢሆኑ ኖሮ ዘዴው ዝም ብሎ ይቀር ነበር።

አራተኛው እሁድ

አሁን ወደ ሉካስ። አካፋይ ሳያገኝ እንዴት አወቀ? ዛሬ የምንጠቀምበት የፈተናው መልክ ዴሪክ ሌመር ኋላ ያስተካከለው ነው። ከ4 ትነሳለህ። በራሱ ታባዛለህ፣ 2 ትቀንሳለህ፣ ቀሪውን ትይዛለህ። ከ67 ሁለት ያነሰ ጊዜ፣ ማለትም 65 ጊዜ ትደግማለህ። መጨረሻው 0 ከሆነ ፕራይም፣ ሌላ ማንኛውም ነገር ከሆነ ኮምፖዚት፣ ማለትም ከሌሎች ቁጥሮች ብዜት የተሠራ ነው።

በትንሹ ሞከርኩት። 7 ሁለቶች ሲባዙና 1 ሲቀነስ 127። አምስት እርምጃ፦ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ፕራይም ነው። (67 እዚህም ብቅ አለ። ምንም ትርጉም የለውም፤ ፈገግ አሰኝቶኝ ነው።)

ፈተናው ኮምፖዚት ነው ሲልህ ስለ አካፋዮቹ ምንም አይነግርህም። ይህ ለ67 ብዙ አያሳስብም፤ አሁን በሰከንድ ይሰበራል። ስለዚህ የማይሰበር ፈለግኩ። 1,277 ሁለቶች፣ ሲቀነስ 1። 385 አኃዝ። ፈተናውን ላፕቶፔ ላይ ለቀቅኩት። 1,275 እርምጃ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አለቀ። ዜሮ አይደለም። ኮምፖዚት ነው። አካፋዩስ? ማንም አላገኘም። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ኮምፖዚትነቱ ተረጋግጦ አንድም አካፋይ ያልተገኘለት ትንሹ ቁጥር ይህ ነው። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ በቅጽበት «የተገጣጠመ ነው» ያለውን ዕቃ የዓለም ኮምፒውተሮች አንድ ብሎኑን አላወለቁለትም።

ማክሰኞ ሌሊት

ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ ፍለጋውን አስጀመርኩ። እዚህ እጩዎቹ 1 ሲቀነስላቸው ለ2,554 መካፈል አለባቸው። የ8 ሕግ እንዳለ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች እጅግ በረቀቁ ዘዴዎች ከእኔ በጣም ርቀው ፈትሸውታል። ግን የገዛ ላፕቶፔ ሲፈልግ ማየት ፈለግኩ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪው ድሮውንም ስሙ ብቻ ነው ያለው። የት እንደደረሰ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አላዘዝኩትም ነበር። ሁሉም ሄደ።

ረቡዕ

ከዜሮ። አሁን በየደቂቃው ፋይል ላይ ይጽፋል።

አምስተኛው እሁድ

ፋይሉ የመጨረሻ መስመሩ ላይ 4,000,000,000 ይላል። አራት ቢሊዮን ጊዜ 2,554፤ እስከ 10 ትሪሊዮን ድረስ አካፋይ የለም ማለት ነው። 14 አኃዝ ላይ ደርሻለሁ። ቁጥሩ 385 አኃዝ አለው።

ላፕቶፑ ሲያጉረመርም ከእህቴ ልጅ ጋር የሉካስን ፈተና በ11 ሁለቶች ልንወዳደር ተቀመጥን። 2,047 ነው፤ 23 ሲባዛ በ89፣ ስለዚህ መጨረሻው ዜሮ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ዘጠኝ እርምጃ። ካልኩሌተር የለም።

14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282። እስከዚህ መስመር በመስመር እኩል ነበርን። የመጨረሻውን ጻፍንና ደብተሮቻችንን አዞርን።

የእሷ 1,736 ይላል። የእኔ 1,763።

«ጋሼ፣ በ9 አጣራኸው?» አለችኝ።